ጆሮውን ስለሚሸፍነው ወንድማችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ወር ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ ነገር ግን ከመካከላችን አንዳንዶቹን ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚያርቅ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም ድምፅ የሚያስጨንቀው ሰው ጉዳይ ነው።

ከበሮ ሲመታ ጆሮውን በሁለት እጁ የሚይዝ፣ ድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ፊቱ ተለዋውጦ ወደ ውጭ የሚወጣ፣ በማዕድ ላይ አጠገቡ ያለው ሰው ሲያላምጥ መታገሥ አቅቶት የሚነሣ ወንድም ወይም እኅት አይተን እናውቃለን። ስለ እንዲህ ያለው ሰው የሚባለውንም ሰምተናል። አንዱ «ቅብጠት ነው» ይላል። ሌላው «ትዕቢት ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መዝሙር የሚጠላ መንፈስ ሳይኖርበት አይቀርም» ይላል። ይህ የመጨረሻው ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ያ ወንድም በሚቀጥለው እሑድ አይመጣም። አንድ ነፍስ ከጉባኤ የሚቀርበት ነገር ደግሞ ቀላል አይደለምና፣ ከቅዱሳት መጻሕፍትም ከሕክምናው ትምህርትም ያገኘነውን አስተባብረን ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ጆሮን የፈጠረ እግዚአብሔር እንዴት ባለ ጥበብ እንደ ሠራው እናስብ። ድምፅ ገብቶ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ከታምቡሩ በስተኋላ ያሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ንዝረቱን ተቀብለው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደ ተጠማዘዘው የውስጥ ጆሮ ያደርሱታል። በዚያም በአንድ ጆሮ ውስጥ ወደ 15,000 የሚሆኑ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ድምፁን ወደ አንጎል ለሚሄደው ጅማት ያስረክባሉ። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ከዚህም ሌላ ከሦስቱ አጥንቶች በአንደኛው ላይ የተያያዘች፣ ከአጥንት ጋር ከሚያያዙት የሰውነት ጡንቻዎች ሁሉ የምታንስ ጡንቻ አለች። ብርቱ ድምፅ ሲመጣ ተኮማትራ ኃይሉን ታለዝበዋለች። የፊት ነርቭ ታምሞ የፊት አንድ ወገን በሚዝልበት ጊዜ ይህች ጡንቻ ሥራዋን ልታቆም ትችላለች፤ ያን ጊዜ ተራው ድምፅ ለሕመምተኛው እንደ ጩኸት ይሆንበታል።

ሐኪሞች የድምፅ ሕመምን በዓይነቱ ይለያሉ። የሳሕን መጋጨት፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የበር መዘጋት፣ ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ድምፅ ሁሉ ከመጠን በላይ ጎልቶ ሲያሳምም ሃይፐራኩሲስ ይሉታል። ማላመጥ፣ መተንፈስ፣ እስክርቢቶ ማንኳኳትን የመሳሰለ የተወሰነ ትንሽ ድምፅ ድንገተኛ ቁጣና መጸየፍ ሲያስነሣ ደግሞ ሚሶፎኒያ ይባላል። ይህን ስም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የሰጡት ማርጋሬትና ፓወል ጃስትርቦፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ እነዚህ ሰዎች የሚያስጨንቃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ስሜትን ከሰውነት ጋር የሚያያይዘው የአንጎል ክፍል ከሌላው ሰው ይልቅ እጅግ እንደሚነቃ፣ ልባቸውም ፈጥኖ እንደሚመታ አሳይተዋል። እንግዲህ ያ ወንድም «አልቻልሁም» ሲል ሰውነቱ የሚመሰክርለት እውነት እየነገረን ነው።

መነሻውም ብዙ ነው። በብርቱ ድምፅ የተጎዳ ጆሮ አለ፤ ከራስ ምታት፣ ከጭንቅላት ጉዳት፣ ከጆሮ ጭውታ ጋር የሚመጣ አለ፤ በኦቲዝም ምክንያት ከሕፃንነት ጀምሮ ያለ አለ። ከፍርሃትና ከሐዘን የሚመጣም አለ። አገራችን በቅርብ ዓመታት ጦርነት አይታለች፤ የመሣሪያ ድምፅ የሰማ ሰው በሰርግ ቤት ርችት ሲተኮስ ወይም ቆርቆሮ ሲወድቅ ቢደነግጥ፣ ሰውነቱ ያየውን መከራ ገና አልረሳምና ነው።

ስለ መንፈሳዊ ምክንያቱ የሚባለው

ወደ መንፈሳዊው ጥያቄ እንምጣ። በዚህ ነገር ሦስት ዓይነት አስተያየት እናገኛለን።

የመጀመሪያው «ጋኔን ነው» የሚለው ነው። ርኩሳን መናፍስት እንዳሉና ሰውን እንደሚያስጨንቁ ወንጌል ይነግረናልና ይህን አንክድም። ነገር ግን ይህን መለየት የካህናትና የንስሐ አባቶች ሥራ ነው እንጂ በመዝሙር ልምምድ መካከል የሚንሾካሾክ የወጣቶች ወሬ አይደለም። ደግሞም እናስተውል። ከበሮ ሲመታ ጆሮውን የያዘው ያው ወንድም የመኪና ጥሩንባ ሲሰማም ይይዛል፤ ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥም ይይዛል። መዝሙርን የሚጠላ መንፈስ ቢሆን ኖሮ ስለ ቡና ሙቀጫ ምን አስጨነቀው? በማለዳም ኪዳን ሲደርስ በጸጥታ ቆሞ ሲጸልይ እናየዋለን። ይህ ሰው የሚሸሸው ጩኸቱን እንጂ የእግዚአብሔርን ስም አይደለም።

ሁለተኛው «የኃጢአት ቅጣት ነው» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ጌታን ጠይቀውታል፤ እርሱም እርሱም ሆነ ወላጆቹ ኃጢአት በመሥራታቸው እንዳልሆነ መልሶላቸዋል፤ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናነበዋለን። የኢዮብ ወዳጆችም በታመመ ሰው አጠገብ ተቀምጠው ኃጢአቱን ሲፈልጉ ሰነበቱ፤ በመጨረሻው ግን እግዚአብሔር የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነበረ።

ሦስተኛው ከእነዚህ ተቃራኒ ነው። «ይህ ሰው መንፈሱ ረቂቅ ስለ ሆነ ነው፤ የመንፈሳዊ ንቃት ምልክት ነው» የሚሉ በዚህ ዘመን ተነሥተዋል። ይህም ሕመምተኛውን የሚያጽናና ቢመስልም በሌላ በኩል የሚጎዳ ነው፤ ሕመሙን እንደ ጸጋ ቈጥሮ ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ፣ ሌላውንም ሰው ዝቅ አድርጎ እንዲያይ ያደርገዋልና። የአባ አርሳንዮስን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባናል። አባ አርሳንዮስ የንጉሥ ቴዎዶስዮስን ልጆች ያስተማረ፣ ኋላም ዓለምን ትቶ ወደ ገዳመ አስቄጥስ የገባ ታላቅ አባት ነው። ስለ እርሱ ከተጻፈው እንደምንረዳው፣ አንድ ቀን ሸምበቆ ወዳለበት ስፍራ መጥቶ ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ሰማና ያ ምን እንደ ሆነ ጠየቀ። ሸምበቆ መሆኑን በነገሩት ጊዜ፣ በጸጥታ የሚኖር መነኩሴ የወፍ ድምፅ እንኳ ቢሰማ የልቡ ዕረፍት እንደ ቀድሞው እንደማይሆንለት፣ የሸምበቆውማ ድምፅ ምን ያህል የባሰ እንደ ሆነ ተናገረ። እንዲህ ያለ ቅዱስ አባት የቅጠል ድምፅ ያስቸገረው ከሆነ፣ ድምፅ ያስጨነቀውን ሰው ሁሉ በኃጢአተኛነት መክሰስ አይቻልም። አባ አርሳንዮስም ቢሆን ይህን የተናገረው ስለ ድካሙ ነው፤ በእርሱ አልተመካበትም።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር እግሩ በጦር ተወግቶ እንኳ አልተሰማውም፤ ይህ ወንድም ከበሮ መታገሥ እንዴት ያቅተዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ያ ለቅዱስ ያሬድ የተሰጠ ጸጋ ነው፤ እናከብረዋለን፤ ነገር ግን ደካማውን ልንገርፍበት አልተሰጠንም። የቅዱሳንን ገድል የምናነበው እኛው ራሳችን እንድንተጋበት ነው።

ስለ ፈውሱ

ፈውሱን በተመለከተ ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የምናገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። ደንቆሮና ኮልታፋ የሆነውን ሰው ወደ ጌታ ባመጡት ጊዜ፣ ጌታችን በሕዝቡ ጩኸት መካከል አልፈወሰውም። አስቀድሞ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ ጣቶቹን በጆሮቹ አገባ፤ ወደ ሰማይ አሻቅቦ አይቶ ቃተተ፤ ከዚያም በአንድ ቃል ጆሮው እንዲከፈት አዘዘ። ይህ ሰው መስማት የተሳነው ነው፤ የእኛ ወንድም ደግሞ መስማት የበዛበት ነው። የሁለቱም ጆሮ ግን በአንድ ፈጣሪ እጅ ነው። ልብ እንበል፤ ጌታ ሰውየውን ከሕዝቡ ለየው እንጂ በዚያ አልተወውም። የተፈወሰው ሰው ተመልሶ ከሰው ጋር ይነጋገር ጀመር። በፈውሱ ውስጥ ገለል ማለትም መመለስም አለ ማለት ነው።

የሕክምናው ትምህርትም ወደዚሁ ይመራናል። ድምፅ የሚያስጨንቀው ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ መኖርን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ ክሬግ ፎርምቢና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ጤነኛ የሆኑ ሰዎች ለሁለት ሳምንት ጆሮአቸውን ደፍነው በቈዩ ጊዜ ድምፅ ከቀድሞው ይልቅ ጎልቶ ተሰማቸው፤ ለስለስ ያለ ድምፅ ዘወትር እንዲሰሙ በተደረገ ጊዜ ግን ጆሮአቸው ድምፅን የመሸከም አቅሙ ጨመረ። ስለዚህ በብርቱ ጩኸት ጊዜ ጆሮን መሸፈን ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ በተራው ቀን ሁሉ ጆሮን ደፍኖ መኖር ሕመሙን ያብሰዋል። ሐኪሞችም ለስላሳ ድምፅን በመጠን እየጨመሩ ማለማመድን፣ ከዚህም ጋር አሳብንና ፍርሃትን በምክር የሚያርም ሕክምናን ይጠቀማሉ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ማኅሌቱ በከበሮ አይጀምርም። በቁም ዜማ በድምፅ ብቻ ይጀመራል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ በዝማሜ ይባላል፤ ከዚያ ከበሮው በመረግድ ቀስ እያለ ይገባል፤ በጽፋትም ይፈጥናል። ጆሮም ልብም ደረጃ በደረጃ ይወጣሉ። ደግሞም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮና ጸናጽል ዝም ብለው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል፤ በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው በደስታ ይመለሳል። አባቶቻችን ጾም የሆድ ብቻ ሳይሆን የዓይንም የአንደበትም የጆሮም ነው ብለው ያስተማሩን በከንቱ አይደለም። ጸጥታም ዝማሬም በየጊዜያቸው የቤተ ክርስቲያን ናቸው።

እንግዲህ ለዚህ ወንድም መንገድ አለው። ቅዳሴ ከበሮ የለበትም፤ በማለዳው ኪዳንና በሥራ ቀን ቅዳሴ ይጀምር። ማኅሌት ሲሆን ከቅኔ ማኅሌቱ ራቅ ብሎ በቅጽሩ ዛፍ ሥር ይቁም፤ በሌላ ቀን አንድ እርምጃ፣ ከዚያም ሌላ እርምጃ ይቅረብ። ባልቻለ ጊዜም ያለ ኀፍረት ይመለስ። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ተራራ እግዚአብሔርን ያገኘው ከነፋሱም ከምድር መናወጡም ከእሳቱም በኋላ በመጣው ዝምታ የሚመስል ለስላሳ ድምፅ እንደ ነበረ አንርሳ።

ስለ ጠበልና ስለ ሐኪምም አንድ ነገር እንበል። «ጠበል የሚጠመቅ መድኃኒት አይወስድም» የሚል አሳብ ብዙዎችን ጎድቷል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤድስ ሕሙማን በተናገሩ ጊዜ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም አስተምረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ይመክረናል። ስለዚህ ድምፅ የሚያስጨንቀው ሰው ይጸልይ፤ ይጠመቅ፤ የጆሮ ሐኪምም ዘንድ ይሂድ። በተለይ ሕመሙ ድንገት የጀመረው፣ ፊቱ የዛለ ወይም መስማት የቀነሰበት ሰው ፈጥኖ ይታይ።

ለሚታመመው ወንድማችን

አንተ ጆሮህ የሚያምህ ወንድማችን፣ አንቺም እኅታችን፤ ሕመማችሁ ኃጢአት አይደለም ብለናል። ነገር ግን ሕመሙ የሚያስነሣው ቁጣ የጦር ሜዳ ነው። ንጉሥ ሳኦልን ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና ሲደረድርለት ዕረፍት ያገኝ እንደ ነበረ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 16 ተጽፏል። ያው ሳኦል በሌላ ቀን፣ ዳዊት በገናውን እየደረደረ ሳለ ጦር ወረወረበት። ያስጨነቀው ነገር ልቡን ሲያናውጠው ጦሩ በእጁ ነበረ። እናት ስታላምጥ የሚነሣው ቁጣ በእናንተ ፈቃድ አልመጣም፤ ጦሩን መወርወርና አለመወርወር ግን የእናንተ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ቁጣ ኃጢአት እንዳይወልድ አስጠንቅቆናልና፣ በዚያች ደቂቃ «ይቅርታ፣ ጥቂት ልውጣ» ብሎ በትሕትና ተነሥቶ መውጣት ሽንፈት አይደለም። ደግሞም ሕመማችሁን ለአንድ ለምታምኑት ሰው፣ ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። ያልተነገረ ሕመም በሰው ዘንድ ጥላቻ ይመስላልና።

ለእኛ ለምናገለግለው

በጌቴሴማኒ ሌሊት ጴጥሮስ ለጌታው ቀንቶ ሰይፍ መዘዘና የማልኮስን ቀኝ ጆሮ ቈረጠ። ጌታችን ግን ጆሮውን ዳስሶ ፈወሰው። ሊሰቀል በሄደባት በዚያች ሌሊት እጆቹ ከመታሰራቸው በፊት ያደረገው ተአምር፣ ቀናተኛ ደቀ መዝሙሩ ያቈሰለውን ጆሮ መፈወስ ነበረ። በዚህ ላይ ወጣቶች ቆም ብለን እናስብ። የእኛም ቅንዓት ጆሮ ሊያቈስል ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው ሰው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ሲችል፣ 90 ሲደርስ 4 ሰዓት ብቻ፣ 100 ሲሆን ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሕፃናትን ከፊቱ ማስቀመጥ የአምልኮ ብርታት አይደለም። እግዚአብሔር ሐና በልብዋ ስትናገር፣ ከንፈርዋ ብቻ ሲንቀሳቀስ ሰምቷታል።

ስለሆነም ለሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚከተለውን አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ድምፅ ማጉያው ወደ ሕፃናት መቀመጫ እንዳይዞር፣ ድምፁም ለስብከት በሚበቃ መጠን እንዲሆን አንድ ኀላፊ ይመደብለት። ሁለተኛ፣ በአዳራሹ ከከበሮውና ከድምፅ ማጉያው ርቆ በበሩ አጠገብ ጥቂት መቀመጫ ይተው፤ በዚያ የሚቀመጠውንም ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቀው። ሦስተኛ፣ ጆሮውን በያዘ ሰው ላይ መሣቅ፣ ሆን ብሎም ድምፅ ማሰማት እንደ ስድብ ይቈጠር። አራተኛ፣ በዚህ ምክንያት የቀረ አባል ካለ ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ይጠይቁት፤ ሲጠይቁትም ብዙ አያውሩ፤ ዝም ብለው አብረውት ቢቀመጡም ይበቃል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ አንዱ የአካል ክፍል ሲታመም ሌሎቹ አብረው እንደሚታመሙ ከሐዋርያው ተምረናል። እንግዲህ በመካከላችን የሚታመም ጆሮ ካለ የእኛው ጆሮ ነው። ጆሮውን የያዘው ወንድም ወደ ጉባኤው መቅረብ ባቃተው ቀን ጉባኤው ወደ እርሱ ይቅረብ። በዛፉ ሥር ብቻውን ቆሞ ሲጸልይ ስናየው፣ ከእኛ ጋር አንድ ቅዳሴ እያስቀደሰ መሆኑን እንወቅ።

የደንቆሮውን ጆሮ የከፈተ፣ የማልኮስንም ጆሮ የዳሰሰ ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የሕሙማኑን ጭንቀት ያቅልልላቸው፤ ለእኛም የምንሰማበትን ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።